አጥንት እስኪገጥም

መስከረም 14

ለውድ እታለም፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ሥራሽ የቀለለ፣ ልብሽም ያረፈ ይሁን። እኛ ደህና ነን። አባዬም ደህና ነው። የክለቡን አውቶቡስ መንዳት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ግን አሁንም ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ጫማውን አሥሮ ይቀመጣል። የት ልትሄድ ነው ስንለው ይስቃል። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ የእሱ ስለሆነ ነው፤ ሲያዳምጥ ደግሞ ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ከፍቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቅልጥሜን ያመኛል። ሦስት ሳምንት ሆነው። መሮጥ ስጀምር ያመኛል፣ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኛል፣ ስጨርስ ይመለሳል። ማራቶኑ የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ከእሱ በኋላ ክለቡ ከስምንት ሴቶች ሁለት ይቀንሳል። አምና ስድስተኛ ነበርኩ፣ ዕድሜዬ ሃያ ሰባት ነው፤ የቀረውን አንቺው ገምቺው። ማተሚያ ቤቱ ጠዋት ጠዋት አርፍጄ እንድገባ የፈቀደልኝ በክለቡ ደብዳቤ ነው። ክለቡ ካሰናበተኝ ቀኑን ሙሉ ጥራዝ ክፍል ቆሜ ወረቀት ሳጥፍ መዋሌ ነው።

እባክሽ ሶሉ ለስላሳ የሆነ የመሮጫ ጫማ ላኪልኝ፤ ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው። ደግሞ ንገሪኝ፣ አንቺ እንዴት ነበር የምትችዪው? አሠልጣኛችን ስምሽን ከአፉ አይለይም። እኛ ሰዓቱ ነው የምንለው፣ ሰላምታውን እንኳ በሰከንድ ለክቶ ስለሚሰጥ። «የአጎትሽ ልጅ በታመመ እግር ሮጣ ሁለተኛ የወጣች ብረት ናት» ይለኛል። አንቺ ግን አንድም ቀን አውርተሽልኝ አታውቂም። ስትሄጂ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው በጀርባሽ አዝለሽኝ ስትሮጪ ብቻ ነው።

ለአባዬ ምንም እንዳትዪ።

እህትሽ ጥይት

ጥቅምት 6

ለእኔዋ ጥይት፣

ፈጣሪ እግርሽን ከክፉ ይጠብቅልኝ። ጋሼን ሳሚልኝ፤ ጫማውን አሥሮ መቀመጡን ሳነብ ሳቅሁም፣ ሆዴም ባባ።

እኔ እንዳለሁ አለሁ። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ከምድር በታች ነው፤ ዝናብ መጣ ፀሐይ ወጣ የምናውቀው ከእንግዶቹ ፎጣ ነው። ከረዥሙ ጠረጴዛ በዚህ በኩል እኔ፣ በዚያ በኩል አንዲት ሴትዮ ሆነን አንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘን እናጥፋለን። ቋንቋዋን አልሰማም፣ ቋንቋዬን አትሰማም። ስምንት ዓመት በአንሶላ ተግባብተናል።

ጫማውን ልኬያለሁ። ጫማ ግን የሚያመውን አያድንም፤ እስቲ መልሺልኝ። በአውራ ጣትሽ ቅልጥምሽን ከላይ እስከ ታች ተጫኚው። ሕመሙ በረዥሙ የተዘረጋ ነው ወይስ አንድ ቦታ፣ ጣት የምታክል ቦታ ላይ ነው? በዚያ እግር ብቻ ቆመሽ ብትዘይ ትችያለሽ? ተኝተሽስ ያምሻል? አንድ ቦታ ከሆነ ዛሬውኑ ሩጫውን አቁሚና ራጅ ተነሺ። ነገ አትበዪ።

ሌላው የጠየቅሽኝ ረዥም ነው። ሌላ ጊዜ።

እህትሽ

ጥቅምት 29

ለእታለም፣

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። ጫማው ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከሳጥኑ አላወጣሁትም።

አንድ ቦታ ነው፤ ጣት የምታክል። መዝለልም አልቻልኩም። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አሳየኝ። የአጥንት ስንጥቅ ናት። «ስምንት ሳምንት አትሮጪም» አለኝ። ስድስት አይሆንም ወይ ብዬ ተከራከርኩት፤ እንደ ገበያ። ሳቀብኝ።

እታለም፣ መቀመጥ አልችልም! ጠዋት ሴቶቹ በቤታችን በኩል ሲያልፉ እሰማቸዋለሁ። ከኮቴያቸው ማን ማን እንደሆነች ለይቼ አውቃለሁ፤ የማን ርምጃ እንደከበደ፣ ማን እንደጎበዘች። ከመስኮቱ ወደ በሩ ስድስት ርምጃ ነው፤ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ሥራ ቦታ የቁጥር አንድ መጽሐፍ ገጽ ከቁጥር ሁለቱ ጋር ደባልቄ ሁለት መቶ ቅጂ ሰፋሁ። የጥራዝ ክፍሉ ኃላፊ መርፌውን ከእጄ ወሰደና ሙጫ ወደሚቀባበት ጠረጴዛ ላከኝ። ለአባዬ ክለቡ ረፍት ሰጠን ብዬ ዋሸሁት። ዓይኔን አይቶ ጫማውን ማሰሩን ቀጠለ።

አንዲት የክለባችን ልጅ እዚያ አንቺ ያለሽበት አገር ሕመም የሚያጠፋ ጠንካራ ክኒን አለ አለችኝ። አንቺም ያኔ በአንድ ነገር ነው የሮጥሽው ይባላል። ላኪልኝ። ለሁለት ወር ብቻ።

ጥይት

ኅዳር 18

ለጥይቴ፣

እንደምን አለሽ? ሁላችሁንም ደህና ያቆይልኝ።

እዚህ በርዷል። አዲስ የመተኮሻ ማሽን ገብቷል፤ አንሶላውን በአንድ በኩል ይውጥና በሌላ በኩል ተኩሶ ይተፋዋል። ሴትዮዋና እኔ ቆመን እናየዋለን፤ ሥራችንን እንዳይወስድብን በየቋንቋችን እንረግመዋለን።

መሮጥ ካማረሽ ውኃ ውስጥ ሩጪ። ጥልቅ ገንዳ ያለበት ቦታ ፈልጊ፣ ወገብሽ ላይ የሚያንሳፍፍ ቀበቶ ታጠቂ፤ እግርሽ ወለል ሳይነካ እንደ ሩጫ አመላልሺው። አጥንትሽ አይጎዳም፣ ልብሽም ሥራ አይፈታም።

በርቺልኝ።

እህትሽ

ታኅሣሥ 8

ለእታለም፣

ጤና ይስጥልኝ።

ስለ ክኒኑ አንድ ቃል አልጻፍሽም። ረስተሽው ነው እንዳልል ስለ መተኮሻ ማሽን ሙሉ አንቀጽ ጽፈሽልኛል።

ውኃውን ሞከርኩት። መዋኘት እንደማልችል ታውቂያለሽ። የገንዳው ጠባቂ ከወዲያ ማዶ «አንቺ፣ እየሰመጥሽ ነው ወይስ እየሮጥሽ?» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። አራት ቀን ተመላለስኩ። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ መሮጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? የትም አትደርሺም። ግድግዳው አንድ፣ ሰዓቱ አንድ፣ ሐሳቡ አንድ።

ስለዚህ ክኒኑን ከልጅቷ ተቀበልኩ። በስድስተኛው ሳምንት፣ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። አንዳች አልተሰማኝም! እንደ ወፍ ነበርኩ። ሰዓቱ እንኳ ጀርባዬን ቸብ አደረገኝ። ከዚህ በኋላ በየሦስት ቀኑ እየወሰድኩ የካቲትን እሻገራለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቀየሚኝ። ምናልባት በቤቱ ሯጭ ተብለሽ የምትነሺው አንቺ ብቻ ሆነሽ እንድትቀሪ ነው የምትፈልጊው? ሰዎች ምቾት አግኝታ ረሳችን ሲሉ ስሟገትልሽ ነው የኖርኩት። አሁን እንጃ።

ጥይት

ታኅሣሥ 24

ለእህቴ ለጥይት፣

ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳነብ ሴትዮዋ አንሶላውን ለብቻዋ አጠፈች። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም፤ ውኃ አመጣችልኝ።

አልተቀየምኩሽም። ያን ረዥሙን ነገር አሁን ልንገርሽ።

እግሬ ሁለት ወር ሙሉ አብጦ ነበር። የውድድሩ ዕለት አውቶቡሱ ውስጥ የኋላው ወንበር ላይ አስተኙኝ። ወጌሻው መርፌውን ሲያዘጋጅ እኔ ስወራጭ ጋሼ ከመሪው ተነስቶ መጣና እግሬን ያዘልኝ። «የዛሬን ብቻ ቻይው የኔ ልጅ፤ ከዚያ እንደ ልብሽ ታርፊያለሽ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለኝ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ክፉ የሚያስብልኝ ሰው አይደለም። ወጌሻው ወጋኝ። እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ሁለተኛ ወጣሁ፤ አሠልጣኝሽ የሚያወራልሽ ያን ነው።

በሦስተኛው ወር ለማራቶን ወደዚህ ላኩኝ። እዚህም ተወጋሁ። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቀው ሲል ሰማሁት። ሕመም የለውም፣ ድምፅ ብቻ። ጫማዬ ድንጋይ ረግጦ ነው ብዬ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጥኩበት። መድኃኒቱ ሲለቀኝ ጮህኩ። ከቁርጭምጭሚቴ ፊት ያለችው ትንሽ አጥንት ለሁለት ተከፍላ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አደረጉልኝ፤ ብረት ከተቱ፣ ብረት አወጡ። ቡድኑ ተመለሰ፣ እኔ አልጋ ላይ ቀረሁ፤ ለቤት ሰው እንዳይናገሩ ለመንኳቸው። ዛሬ ጫማዬ በትእዛዝ ነው የሚሠራው፤ ሳልይዝ ደረጃ አልወርድም። የላክሁላችሁን ፎቶዎች አውጪና እያቸው፤ ሁሉም ከወገቤ በላይ ነው። ልብስ ማጠቢያውንም የመረጥኩት ከጠረጴዛ በታች ማንም ስለማያየኝ ነው።

ሰው ምቾት አግኝታ ቀረች ሲል ዝም አልኩ። እውነቱን ብናገር ጋሼ ያን ቀን እግሬን የያዘበትን እጁን የሚያስቀምጥበት ያጣል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ለእሱ እንዳትነግሪ። ይህ ለአንቺ ነው።

ክኒኑ ሕመሙን ያጠፋል፤ ስንጥቋ ግን እዚያው ናት፣ አንቺ ብቻ ነሽ የማትሰሚያት። እባክሽ ቁሚ። በእግሬ ይዤሻለሁ።

እህትሽ

የካቲት 20

ለእታለሜ፣

ከምን ልጀምር። ይቅር በዪኝ። ያን የጻፈውን እጄን ቆርጬ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጥር ሰባት ቀን፣ ሥራ ቦታ ነው። በማግስቱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነበር፤ ክኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የመቁረጫ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩትና ወረቀቱ ላይ ሙጫ አስነካሁበት፤ አሁን ሁለቱ ገጾች ተጣብቀዋል። ከዚያ በቀጥታ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። መስመሯ ረዝማለች። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «ለመሰበር አንድ ረዥም ሩጫ ነበር የቀረሽ» አለኝ።

ክለቡ ሁለቱን ቀነሰ። እኔን አላሰናበተኝም፤ በተጠባባቂነት ለአንድ ዓመት አስቀመጠኝ። የጠዋቱ ፈቃድ ግን ወደ ልምምድ እስክመለስ ድረስ ቀረ። ሰዓቱ «ዓመት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ነው» አለኝና ሄደ። ማጽናናቱ ይሁን ማስፈራራቱ እስካሁን አልገባኝም።

የውድድሩ ዕለት ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ለሴቶቹ ውኃ ላቀብል ቆምኩ። ደግ ልሁን ብዬ ነበር። የመጀመሪያዋ ስትመጣ «ጎበዝ!» አልኩ። ለሁለተኛዋ ጠርሙሱን ብቻ ዘረጋሁላት። እግሬ በቆምኩበት መሮጥ ጀመረ፤ ቁጥራቸውን እቆጥራለሁ፣ ይህቺን እበልጣት ነበር፣ ያችንም እላለሁ። አራተኛዋ ውኃ ሳልሰጣት አለፈችኝ። ጠርሙሶቹን ለማላውቀው ሰው አስታቅፌ ወደ ቤት ሄድኩ።

እታለም፣ የአጥንቱስ ሐኪም አለው። ይህን ጭንቅላቴን ምን ላድርገው?

ጥይት

መጋቢት 15

ለጥይቴ፣

ክብር ለፈጣሪ፣ ቆመሻል። ሴትዮዋን አቀፍኳት፤ ለምን እንዳቀፍኳት ሳታውቅ እሷም አቀፈችኝ።

የጭንቅላቱን እኔም አላወቅሁበትም ነበር። አልጋ ላይ ሳለሁ በየቀኑ ራሴን ከድሮዋ እኔ፣ ከዚያች ሁለተኛ ከወጣችው ልጅ ጋር አስተያይ ነበር። ሁልጊዜ ትበልጠኛለች። በዚህ ምክንያት እግሬ ይችለው የነበረውን እንኳ አላሠራሁትም፤ ስድስት ወር በንዴት አለቀ። በኋላ አንዲት የአካል ሕክምና ባለሙያ መጥታ ወለሉ ላይ ፎጣ ጣለችና «በእግርሽ ጣት አንሺው» አለችኝ። ሃያ ጊዜ። ስንት አገር የሮጥኩ ሴት ፎጣ ላንሳ? አለቀስኩ። ግን ፎጣውን ባነሳሁበት ቀን እህል ይበላልኝ ነበር፤ ባላነሳሁበት ቀን አይበላልኝም።

ለአእምሮሽ የዕለት ሥራ ስጪው፤ ትንሽ፣ ተጀምሮ የሚያልቅ። የምትቀኚ ከሆነም ቅኚ፤ ሰው ነሽ። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ግን ሠርተሽ ቅኚ።

እህትሽ

ሰኔ 3

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደስታም ጭንቀትም ይዣለሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ ርምጃ ተፈቀደልኝ። አንዲት አሮጊት ከነዘንቢላቸው ቀደሙኝ፤ «አይዞሽ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። ከማተሚያ ቤቱ ተራፊ ወረቀት ደብተር ሰፍቻለሁ። በግራ ገጽ እግሬ ምን እንዳለ፣ በቀኝ ገጽ እኔ ምን እንደፈራሁ እጽፋለሁ። የግራው ገጽ አንድ መስመር ነው፤ የቀኙ ሞልቶ ይፈሳል። ፍርሃቱ ሕመም መስሎ ይመጣል እኮ! ቅልጥሜ ድኖ፣ ሐኪሙ ምሎልኝ፣ እኔ ግን ርምጃ በረገጥኩ ቁጥር ቀው ሲል እሰማለሁ።

ግንቦት ላይ ባቴን አመመኝ። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀ አልኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ልወረውረው ነበር። ከዚያ ደብተሩን አወጣሁ። በግራ «ባት፤ ሲነኩት ይለሰልሳል፤ አጥንት አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። አሥራ ሁለት ቀን ዐረፍኩ። ያን አሥራ ሁለት ቀን ግድግዳ አልቧጨርኩም፤ ጓደኞቼ ሲያልፉም መስኮት ከፍቼ በቀልድ ሰደብኳቸው፣ ሳቁ።

አሁን የምጽፈውን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ለአባዬ ነገርኩት። እንዳትነግሪ ብለሽኝ ነበር፣ አውቃለሁ። አንድ ቀን «እታለም ልጅ ሆና እንዲህ አልነበረችም፤ ሩጫውን ትታ ምቾት መረጠች» ሲል እላዩ ላይ ፈነዳሁ። ሰማኝ። የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ መሽቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስምሽን አያነሳም፣ ስልክም አይደውልም። እኔ ልምምድ ስወጣ ግን ከኋላዬ በብስክሌት ይከተለኛል፤ ዓይኑን ከእግሬ አይነቅልም።

አጥፍቼ ከሆነ ገሥጺኝ። ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ጥይት

የካቲት 12

ለእታለም፣

ስምንት ወር ሙሉ አልመለስሽልኝም። አራት ደብዳቤ ልኬ ዝም ብለሻል። አልፈርድብሽም። ይህን ግን መስማት አለብሽ።

ማራቶኑ ትናንት ነበር። እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር አምስተኛ ነበርኩ። ቅልጥሜ ዝም ብሏል። ሠላሳ ሦስት ላይ ያ ባቴ እንደ ቡጢ ተጨበጠ። በአንድ እግሬ አነከስኩ። በዚያች ቅጽበት ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው «ቁሚ! ልጄ ቁሚ! ይቅርብሽ!» እያለ ይጮኻል። አባዬ ነው። ገመዱን አልፎ አስፋልቱ ላይ ገብቷል፤ አስተናባሪው ክንዱን ይዞ ይጎትተዋል። ሰው ሁሉ በርቺ እያለ እሱ ብቻ ቁሚ ይላል። አጠገቡ ያሉት ሳቁበት። እኔ ግን ፊቱን አየሁት እታለም። ሰባ ዓመት የሆነው ሰው እንደ ሕፃን እያለቀሰ ነበር።

ቆምኩ። ባቴን በእጄ ተጫንኩት። ጡንቻ ነው፤ ለሰለሰ። «አባዬ፣ ጡንቻ ነው! አጥንት አይደለም!» አልኩት። «ምለሽ ነው?» አለኝ። «ስሞትልህ!» አልኩት። ሁለት መቶ ርምጃ በእግሬ ሄድኩ፤ ስምንት ሴቶች አለፉኝ። ከዚያ ሮጥኩ።

አሥራ አንደኛ ወጣሁ። ለክለቡ አይበቃም፤ ዛሬ ጠዋት ሰዓቱ ራሱ ቤት መጥቶ ነገረኝ። ሲነግረኝ የእጅ ሰዓቱን አላየም። ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ጥራዝ ክፍል ነኝ። አለቀስኩ፤ ብዙ አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ዕረፊ ብሎኛል፤ ዐርፋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ መልስ እወጣለሁ። ለማን ብለሽ ትሮጫለሽ ይሉኛል፤ መልሱን ገና አላገኘሁትም፣ እግሬ ግን ይቸኩላል።

ጻፊልኝ።

ጥይት

መጋቢት 3

ለእህቴ፣

አልተቆጣሁሽም። ስምንት ወር ሙሉ ብዕር እያነሳሁ የማስቀምጠው ጋሼ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ነው። አንቺ ላይ ዝም ማለቴ በደል ነው፤ ይቅር በዪኝ።

ያለፈው እሑድ ደወለ። አንሶላ ይዤ ነበር፤ ሴትዮዋ ጫፌን ተቀበለችኝ። እንደ ወትሮው ስለ ጤናና ስለ አየሩ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣

«የትኛው እግርሽ ነበር?» አለኝ።

«ግራው» አልኩት።

«ግራው» አለ፤ እንደሚጽፍ ሰው ቀስ ብሎ። «እኔ ቀኙ ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት ቀኙን ነው የማስበው።»

ልቆጣ አሰብኩ፤ ቁጣው መጣና ተመልሶ ሄደ።

«አሁንስ ያምሻል?» አለኝ።

ጥይቴ፣ በዚህ አገር ሐኪም ጠይቆኛል፣ አለቃዬ ጠይቆኛል። ከቤቴ ሰው ይህን የጠየቀኝ የለም፤ እንዳይጠይቁኝ አድርጌ የኖርኩትም እኔው ነኝ። ደህና ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

«አዎ ጋሼ» አልኩት። «ያመኛል።»

«እሺ» አለኝ። «ንገሪኝ። ጊዜ አለኝ።»

ቁጭ አልኩና ነገርኩት።

እህትሽ